“ሲአይኤፍ ነው የገዛሁት” የሚሉኝ አስመጪዎች፦ ስለ መጀመሪያ ኮንቴነር የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

“ሲአይኤፍ ነው የገዛሁት፤ ዕቃው ወደብ እስኪደርስ ኃላፊነቱ የሻጩ ነው።”

በትራንዚተርነት በሠራሁባቸው ዓመታት ይህን አነጋገር ያልሰማሁበት ወር ትዝ አይለኝም። የሚናገሩት ሰዎች ሞኞች አይደሉም። ሲነግዱ የኖሩ፣ ሒሳብ የሚያውቁ፣ ዕቃ አይተው ጥራቱን የሚለዩ ናቸው። ግን ኮንቴነር ሲያስመጡ የመጀመሪያቸው ነው፤ ስለ ውሉ የነገራቸውም ሻጩ ራሱ ነው። ስለዚህ ስህተቱን ከሥሩ ላስረዳ።

ሲአይኤፍ ማለት የዕቃው ዋጋ፣ መድንና እስከ መድረሻ ወደብ ያለው የመርከብ ኪራይ በአንድ ላይ ማለት ነው። መድኑንና ኪራዩን ሻጩ ከፍሎ ዋጋው ውስጥ ይጨምራቸዋል። ይህ ወጪውን ማን እንደሚከፍል ብቻ ነው የሚናገረው። ዕቃው ቢጠፋ ወይም ቢበላሽ የማን ኪሳራ ነው የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው፤ መልሱም ዓለም አቀፉ የንግድ ምክር ቤት ባወጣው የሽያጭ ውሎች ደንብ፣ ኢንኮተርምስ 2020 ላይ በግልጽ ተቀምጧል። በሲአይኤፍ ስጋቱ ወደ ገዢው የሚዞረው ዕቃው በመነሻው ወደብ መርከቡ ላይ ሲጫን ነው። ኪራዩንና መድኑን ገዢው ራሱ በሚይዝበት ውል፣ በኤፍኦቢም፣ የሚዞረው እዚያው ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የመርከቡን ኪራይና መድኑን ማን ይከፍላል የሚለው ብቻ ነው። ኮንቴነሩ መርከቡ ላይ ካረፈ በኋላ ቢሰጥም የሰጠመው የእናንተ ዕቃ ነው፤ ቢቃጠልም የተቃጠለው የእናንተ ነው። ሻጩ የገባውን ውል ፈጽሟል፣ ገንዘቡንም ይቀበላል።

“ታዲያ መድን ተገብቶለት የለም ወይ?” ይሉኛል። አዎ፣ ተገብቶለታል። ምን ዓይነት መድን እንደሆነ ግን ጠይቃችኋል? የባሕር ጭነት መድን በብዛት የሚሸጠው በሦስት እርከን ነው፦ ክሎዝ ኤ፣ ክሎዝ ቢ እና ክሎዝ ሲ። ኤ ሰፊው ነው፤ በስም ተዘርዝረው ከተከለከሉት በስተቀር ሁሉንም ጉዳት ይሸፍናል። ሲ ጠባቡ ነው፤ መርከቡ ቢሰጥም፣ ቢጋጭ፣ መሬት ቢይዘው፣ ቃጠሎ ወይም ፍንዳታ ቢደርስና እነዚህን የመሰሉ ትልልቅ አደጋዎች ሲከሰቱ ብቻ ነው የሚከፍለው። ስርቆት የለበትም። ኮንቴነሩ ውስጥ የገባ የባሕር ውሃም የለበትም። እና በሲአይኤፍ ውል ሻጩ እንዲገባ የሚገደደው የትኛውን ነው? በኢንኮተርምስ 2020 መሠረት ሌላ ስምምነት ከሌለ ሲን ብቻ፣ በዋጋው 110 በመቶ።

አንዲት ደንበኛዬ የመጋረጃ ጨርቅ በዚሁ ውል አስመጣች። የኮንቴነሩ ጣሪያ ላይ ጣት የምታሳልፍ ቀዳዳ ነበረች። ገና በሩ ሲከፈት የሻጋታው ሽታ ተቀበለን፤ ከላይ ያሉት ጥቅሎች ጨው ሠርተው ደርቀዋል። ሻጩ ጋ ደወለች። “የመድን ሰርተፊኬቱን ልኬልሻለሁ፣ እነሱን ጠይቂ” አላት። መድን ድርጅቱን ጠየቀች። ሰርተፊኬቱ ላይ የተጻፈው ክሎዝ ሲ ነበር፤ ምንም አልተከፈላትም። ሰነዶቿን ይዛ ወደ እኔ የመጣችው መርከቡ ከተነሳ በኋላ ነው። ቀደም ብላ ብታሳየኝ ኖሮ ያችን አንድ ፊደል ማስቀየር የሚፈጀው አንድ ደብዳቤና ትንሽ የዓረቦን ጭማሪ ነበር። ይህን ባስታወስኩ ቁጥር አሁንም ያንገበግበኛል።

ምክሬ አጭር ነው። ከቻላችሁ በኤፍኦቢ ግዙና መድኑን ራሳችሁ፣ በራሳችሁ ቋንቋ ከምታናግሩት ድርጅት፣ በክሎዝ ኤ ግቡ። ለኮንቴነር ጭነትማ ከኤፍኦቢ ይልቅ ኤፍሲኤ የተሰኘው ውል ይሻላል፤ ሻጩ ኮንቴነሩን የሚያስረክበው መርከቡ ላይ ሳይሆን ተርሚናል ላይ ነውና። የግድ ሻጩ መድን ይግባ ካላችሁ ሲአይፒ የሚባለውን፣ ሻጩ ማጓጓዣውንና መድኑን የሚከፍልበትን ሌላ ውል ጠይቁ፤ ከ2020ው እትም ጀምሮ በሲአይፒ ሻጩ ክሎዝ ኤ መግባት አለበት። ሲአይኤፍም ቢሆን “መድን በክሎዝ ኤ” የሚል አንድ መስመር ፕሮፎርማው ላይ ካስጻፋችሁ ችግሩ ይቃለላል። መጻፍ ያለበት ግን ከመክፈላችሁ በፊት ነው።

ይሄው ስህተት ወንድም አለው፦ “ዕቃዬ ከተበላሸ የመርከብ ድርጅቱ ይከፍለኛል።” አብዛኛው የባሕር ጭነት የሚተዳደረው በሄግ ወይም በሄግ-ቪስቢ ደንቦች ነው። በእነዚህ ደንቦች አጓጓዡ ለካፒቴኑ የአነዳድ ስህተት ተጠያቂ አይደለም። በራሱ ጥፋት ያልተነሳ ቃጠሎም አይመለከተውም። ተጠያቂ በሚሆንበት ጊዜም ጣሪያ አለው፤ በሄግ-ቪስቢ ለአንድ ጥቅል 666.67 ኤስዲአር ወይም በኪሎ 2 ኤስዲአር፣ ከሁለቱ የሚበልጠው። ኤስዲአር የዓለም የገንዘብ ድርጅት የሒሳብ መለኪያ ነው። እዚህ ላይ ልብ በሉ፦ ጥቅል የሚቆጠረው ቢል ኦፍ ሌዲንጉ (የመርከብ ድርጅቱ ለጭነቱ የሚሰጠው ሰነድ) ላይ በተጻፈው ነው። “አንድ ኮንቴነር ዕቃ” ተብሎ ከተጻፈ ሙሉው ሳጥን እንደ አንድ ጥቅል ሊታይ ይችላል። “600 ካርቶን” ከተባለ 600 ጥቅል ነው። ስለዚህ የቢል ረቂቁ ሲላክላችሁ “እሺ” ብላችሁ አትለፉት፣ አንብቡት።

“መድን የሚያስፈልገው ለተሰባሪ ዕቃ ነው፤ የእኔ ብረት ነው” የሚሉም አሉ። ብረታችሁ ምንም ሳይሆን ልትከፍሉ ትችላላችሁ። ጄኔራል አቨሬጅ የሚባል ጥንታዊ የባሕር ሕግ አለ፤ መርከቡንና ጭነቱን ከጋራ አደጋ ለማዳን ሆን ተብሎ የወጣ ወጪ ወይም የተከፈለ መሥዋዕትነት ዕቃቸው በዳነላቸው ሁሉ ላይ በድርሻቸው ይከፋፈላል። ኤቨር ጊቭን መጋቢት 2021 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ስዊዝ ካናል ውስጥ ለስድስት ቀናት ተሰንቅራ ስትወጣ ባለቤቷ ጄኔራል አቨሬጅ አወጀ። መርከቧ ላይ 18,000 የሚያህል ኮንቴነር ነበር፤ አብዛኛው አንዳች አልነካውም። ግን ዋስትና ያላስያዘ ባለዕቃ ሳጥኑን መረከብ አይችልም። መድን ያለው ሰው ወረቀቱን ለመድን ድርጅቱ ይልከዋል፤ ዋስትናውን እነሱ ይሰጣሉ። ይህንን ክሎዝ ሲም ይሸፍናል። መድን የሌለው ጥሬ ገንዘብ ያስይዛል።

ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ ልበል።

“ባለ 40 ጫማው የባለ 20ን እጥፍ ይጭናል።” በስፋት አዎ፣ በክብደት አይደለም። ባለ 20 ጫማው ውስጡ 33 ሜትር ኩብ ገደማ ነው፣ ባለ 40ው 67፣ ከፍ ያለው ሃይ ኪዩብ 76። የሁለቱም ጠቅላላ የክብደት ጣሪያ ግን በብዛት ያው 30,480 ኪሎ ነው፤ የባለ 40ው ባዶ ሳጥን ደግሞ ይከብዳል። ስለዚህ የወለል ንጣፍ ወይም ብሎን ለሚያስመጣ ሰው ባለ 20 ይሻላል። ስፖንጅ ለሚያስመጣ ባለ 40። ደግሞም 33ቱ ሜትር ኩብ ሙሉ በሙሉ አይሞላም፤ ካርቶን ክፍተት ይተዋል፣ 27 ወይም 28 ብላችሁ አስሉ።

“ፓሌቱ ማንም የማያየው ተራ እንጨት ነው።” ያዩታል። አይኤስፒኤም 15 በሚባለው ደንብ መሠረት ጥሬ እንጨት መሐሉ ድረስ 56 ዲግሪ ሴልሺየስ ለ30 ደቂቃ መሞቅ ወይም በጭስ መታከም አለበት፤ ማኅተሙም እንጨቱ ላይ መታየት አለበት። ማኅተም የሌለው ፓሌት ሙሉ ኮንቴነር ሊያስመልስ ይችላል። ኮምፔንሳቶ ከዚህ ነፃ ነው።

“ኮንቴነር ታሽጎ ስለሚመጣ እርጥበት አይገባውም።” እርጥበቱ አብሮ ነው የሚታሸገው። ቀንና ሌሊት ሙቀቱ ሲቀያየር ጣሪያው ላይ ጤዛ ይሠራል፣ ዕቃው ላይ ይንጠባጠባል። እርጥበት የሚመጥ ከረጢት እንዲሰቀልበት አዝዙ።

“ሻጩ የጻፈው ኤችኤስ ኮድ ያው ነው።” በዚህ የጉምሩክ የዕቃ መለያ ቁጥር ውስጥ በዓለም አንድ የሆኑት የመጀመሪያዎቹ ስድስት አኃዞች ናቸው፤ ከዚያ በኋላ ያለውን እያንዳንዱ አገር በራሱ ይቀጥላል። ዲክላራሲዮኑ ላይ ያለው ስም የእናንተ ነው፣ ቅጣቱም የእናንተ። ከመግዛታችሁ በፊት ኮዱን በትራንዚተር አስመርምሩ፤ ዕቃው ፈቃድ ወይም የጥራት ሰርተፊኬት እንደሚጠየቅበት የምታውቁት በዚያው ነው።

“ኤልሲ ስለከፈትኩ፣ ዕቃው ካልሆነ ባንኩ አይከፍልም።” ኤልሲ ባንኩ ለሻጩ የሚገባው የክፍያ ግዴታ ነው፤ ባንክ ግን ዕቃ አያይም፤ ሰነድ ነው የሚያየው። የኤልሲ ደንብ የሆነው ዩሲፒ 600 ይህን በግልጽ አስቀምጦታል። ኮንቴነሩ ጡብ ቢሞላ እንኳ ሰነዱ ከኤልሲው ጋር ከገጠመ ባንኩ ይከፍላል። ጥበቃ ከፈለጋችሁ፣ ከመጫኑ በፊት በገለልተኛ ተቆጣጣሪ የተሰጠ የምርመራ ሰርተፊኬት ከሚጠየቁት ሰነዶች አንዱ ይሁን።

“ኢንቮይሱን ዝቅ አድርጎ ይጻፍልኝ።” ይህን የሚጠይቁኝ ሰዎች ብልህ የሆኑ ይመስላቸዋል። በዓለም ንግድ ድርጅት የዋጋ ትመና ስምምነት መነሻው በእርግጥ የተከፈለው ዋጋ ነው፤ ጉምሩክ ግን ከተጠራጠረ ማስረጃ የመጠየቅና ካላመነበት በሌላ መንገድ የመተመን መብት አለው። የባንክ ዝውውራችሁ አንድ ነገር፣ ኢንቮይሳችሁ ሌላ ሲናገር ምን ልትመልሱ ነው? ከዚህም በላይ መድን የሚገባው በኢንቮይሱ ዋጋ ነው። አንድ ሰው ኢንቮይሱን በግማሽ አስቀንሶ፣ ዕቃው ሲጠፋ የተከፈለው ግማሹን ነው። ሐሰት ሰነድ መሆኑንም አትርሱ፤ እኔ እንዲህ ያለ ፋይል አልይዝም።

“ከፍያለሁ፣ ስለዚህ ዕቃው የእኔ ነው።” ወደብ ላይ ኦሪጅናል ቢል ኦፍ ሌዲንግ ከተጠየቀበት፣ ዕቃውን የሚረከበው ቢሉን የያዘ ነው። ብዙውን ጊዜ ሦስት ኦሪጅናል ይወጣል፤ በአንዱ ዕቃ ከተረከቡ ሌሎቹ ዋጋ የላቸውም። መርከቡ ከሰነዱ ቀድሞ እንዳይደርስባችሁ ሻጩን ወረቀቱን መቼ እንደሚልክ ጠይቁት፣ ወይም ኦሪጅናሉን እዚያው ለመርከብ ድርጅቱ አስረክቦ ቴሌክስ ሪሊዝ (ዕቃው ያለ ኦሪጅናል እንዲለቀቅላችሁ) እንዲያደርግ ተስማሙ። የመጨረሻውን ክፍያ ከመፈጸማችሁ በፊት ግን የቢሉን ቅጂ እዩ።

ሰነድ የዘገየበት ሰው ቀጥሎ የሚሰማው ቃል ዴመሬጅ ነው። “ነፃ ቀናት አሉኝ” ይላል። ነፃ ቀናት ሁለት ዓይነት ናቸው። ዴመሬጅ ሙሉ ኮንቴነር ተርሚናል ውስጥ ያለ ክፍያ ከሚቆይበት ነፃ ቀን ሲያልፍ የሚከፈል ነው። ዲቴንሽን ደግሞ ኮንቴነሩን ከወደብ አውጥታችሁ ባዶውን ሳትመልሱ ስትቆዩ። ሁለቱም ለመርከብ ድርጅቱ የሚከፈሉ ናቸው፤ ወደቡ የራሱን የማከማቻ ኪራይ ለብቻው ያስከፍላል። ሒሳቡ ብዙ ጊዜ በደረጃ ከፍ እያለ ይሄዳል፣ እሑድና በዓልም ይቆጠራሉ። ነፃ ቀን ማስጨመር የሚቀለው መርከቡ ላይ ቦታ ሲያዝ ነው፤ መርከቡ ከደረሰ በኋላ የሚሰማችሁ የለም።

“ትንሽ ዕቃ ከሆነ በጋራ ኮንቴነር መላክ ይረክሳል።” አንዳንዴ። የመርከብ ኪራዩ እጅግ ረክሶ ከቀረበላችሁ፣ የቀረውን መድረሻ ላይ በማራገፊያና በሰነድ ክፍያ ስም ይጠይቋችኋል። የመድረሻ ወጪውን ዝርዝር በጽሑፍ ሳታገኙ አትስማሙ። ዕቃችሁ ከ15 ሜትር ኩብ ካለፈ ደግሞ የሙሉ ባለ 20 ጫማ ዋጋ ጠይቃችሁ አወዳድሩ።

በመጨረሻ በሩ የሚከፈትበት ቀን። “ዕቃውን ቤት ገብቼ ተረጋግቼ አየዋለሁ” የሚል ሰው መብቱን ማስከበር ይከብደዋል። ማኅተሙን ሳትቆርጡ ቁጥሩን ቢሉ ላይ ካለው ጋር አስተያዩ፣ ፎቶ አንሱት። የኮንቴነሩን ውጭ፣ ከዚያ ልክ በሩ እንደተከፈተ ያለውን አደራደር፣ ከዚያ እያራገፋችሁ ጉዳት ያለበትን ካርቶን አንሱ። ከተቻለ አንድ ሰው ውስጥ ገብቶ በሩን ዝጉበት፤ ብርሃን የሚያስገባ ቀዳዳ ካለ ያያል። የመጋረጃዋን ደንበኛ ቀዳዳ ያገኘናት በዚህ መንገድ ነው። በሄግ-ቪስቢ ደንቦች ከውጭ የሚታይ ጉዳት ስትረከቡ ወዲያውኑ በጽሑፍ መመዝገብ አለበት፣ የማይታይ ከሆነ በ3 ቀን ውስጥ። ክስ የሚመሠረትበት ጊዜ ደግሞ አንድ ዓመት ነው። የመድን ድርጅቱ መርማሪ እስኪመጣ የተበላሸውን አትጣሉ፣ አትሽጡም። የተቆረጠውን ማኅተም ኪሳችሁ ውስጥ አስቀምጡት።