ሲጋራና መጠጥ ቤት በጅማ፦ ሕጉና በረንዳው

ጅማ ውስጥ ግሮሰሪ ገብቶ ሲጋራ መለኮስ በሕግ ክልክል ነው። ይህን አጫሹም ያውቃል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ሕዝብ በሚገለገልባቸው ቤቶችና በሥራ ቦታዎች ውስጥ ማጨስን ከልክሏል። ድራፍት ቤቱም፣ ሆቴሉም፣ ጠጅ ቤቱም እዚህ ውስጥ ይገባሉ። ለአጫሾች ተብሎ ክፍል መለየትም አይቻልም። ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላ ሰው ሲጋራ መሸጥ የተከለከለ ሲሆን ሺሻማ ጭራሽ ታግዷል።

ክርክሩ የሚጦፈው በረንዳው ላይ ነው። አዋጁ ከበርና ከመስኮት በ10 ሜትር ክልል ውስጥ ማጨስንም ይከለክላል። የጅማ ዝናብ ደግሞ ለወራት አይለቅም። ውጣ የተባለ አጫሽ የሚቆመው ቆርቆሮው ሥር፣ በሩ አጠገብ ነው። ቤቶቹ ግድግዳ ለግድግዳ በተያያዙበት ሰፈር ከአንዱ ግሮሰሪ በር 10 ሜትር የራቀ ሰው የሌላው በር ላይ ይደርሳል። በሜትር እንለካ ከተባለ አስፋልቱ መሃል መቆም ነው።

የባለቤቶች መልስ አጭር ነው፤ «እኔ ብከለክለው ጎረቤቴ ይቀበለዋል።» እውነት አላቸው። አየርላንድ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2004 በመላ አገሪቱ መጠጥ ቤቶች ማጨስን ስታግድም ገበያችን ይሞታል የሚል ጩኸት ነበር። እዚያ ግን ሁሉም በአንድ ቀን ከለከለ። አጫሹ የሚሸሽበት ሌላ ቤት ስላጣ ደጅ አጭሶ ይመለስ ጀመር።

ጅማ ሲነሳ ጫት አይቀርም። ቀን በርጫ ላይ የዋለ ሰው ሲመሽ ለጨብሲ፣ ማለትም ምርቃናውን በመጠጥ ለመስበር ይወጣል፤ ጫቱም ቢራውም ሲጋራ ይጠራሉ። በሌላ ጊዜ የማያጨስ ሰው እንኳ ምርቃና ላይ አንድ ሁለት ፍሬ ይለኩሳል። ሱቅ በደረቴው ይህን ጠንቅቆ ያውቃል፤ ማስቲካ፣ ሶፍትና ሲጋራ ደርድሮ በየጠረጴዛው ይዞራል። መቃሚያ ቤቱ መስኮቱን ዘግቶ መጋረጃውን ስለሚያወርድ ከግሮሰሪው የባሰ ይታፈናል። ስለዚህ ግሮሰሪውን ብቻ መቆጣጠር ግማሽ ሥራ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገ አገር አቀፍ ጥናት ትምባሆ የሚጠቀሙት አዋቂዎች 5 በመቶ ያህል ነበሩ። ቡና ቤት ወይም ጭፈራ ቤት ከገቡት ውስጥ ግን ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ለሰው ጭስ ተጋልጠዋል። ደንበኛው ሁለት ሰዓት ተቀምጦ ይሄዳል፤ አስተናጋጇ እስኪዘጋ እዚያው ናት። ለእኔ የክርክሩ ልብ እሷ ናት። ግድግዳው ላይ «ማጨስ ክልክል ነው» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ደንበኛው ከወረቀቱ ሥር ተቀምጦ «መተርኮሻ አምጪልኝ» ይላል፤ ታመጣለታለች። ጉርሻዋ ከእሱ ነውና ምን ትበል? ይኸው ሰውዬ የአባቱ ባልንጀራ ብቅ ቢሉ ሲጋራውን ከጠረጴዛው ሥር ይደብቃል፤ ታላቅ ፊት ማጨስ ነውር ነዋ። ለዚያ ተቆጣጣሪ አላስፈለገም።

አዋጁን የማስከበር ኃላፊነት የተጣለው በጤና ተቆጣጣሪዎችና በቤቱ ባለቤት ላይ ነው። የመንግሥት ቢሮ 11:30 ላይ ይዘጋል። ግሮሰሪ የሚሞቀው ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ነው።