ከፊል የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ በአዲስ አበባ ዳርቻ

አቃቂ ጫፍ ላይ አንድ የሰፈር መንገድ ኮብልስቶን ሊነጠፍ ነው እንበል። 300 ሜትር ቢሆን ነው። ለዚህች ሥራ ግድብ የሚሠራ ይመስል በአካባቢው ላይ ስለሚያመጣው ጉዳት ዳጎስ ያለ ጥናት ማስጠናት ትርፉ ድካም ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ ከፊል ግምገማ የሚባል አጠር ያለ መንገድ አለ።

መነሻው በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299 ነው። ግምገማ የሚያስፈልገውና የማያስፈልገው ፕሮጀክት በመመሪያ እንዲለይ ያዘዘው እሱ ነው። በአሠራር ደግሞ ሦስት ምድብ ተለምዷል። የመጀመሪያው ሙሉ ጥናት ይጠየቃል፤ ሦስተኛው ነፃ ነው። መሃል ያለው ጉዳቱ መለስተኛ የሆነና በቀላሉ የሚታረም ሥራ ነው፤ ከፊል ግምገማ የሚጠየቀውም ይኸው ነው። የትኛው የት እንደሚገባ የሚወሰንበት እርምጃ ልየታ ይባላል።

ልየታ ሲጀመር ጥያቄዎቹ ተራ ይመስላሉ። ውሃው ወዴት ይፈሳል? የተቆፈረው አፈር የት ይደፋል? ከይዞታው የሚነሣ ሰው አለ? ወንዙ ምን ያህል ይርቃል? የአቃቂን ዋልካ የሚያውቅ ሰው ግን የመጀመሪያዋን ጥያቄ በዋዛ አያልፋትም። ዋልካ በጋ ይሰነጠቃል፣ ክረምት ያብጣል። ከረጠበ በኋላ ውሃ ቶሎ አያሰርግም። እዚያ ላይ ድንጋይ ሲነጠፍበት ጎርፉ ተንደርድሮ ቁልቁል ያለው ሰው ግቢ ይገባል። የልየታው ቅጽ ላይ «ቦይ አለ» ብሎ ምልክት ማድረግ ምንም አይደለም። ቦዩ የት ያበቃል? ቁም ነገሩ እሱ ነው። ድንጋዩም ከሰማይ አልወረደም፤ የሆነ ቦታ የድንጋይ ካባ ተከፍቶ ነው የመጣው።

የጥናቱ ሰነድ የቀረበለት መሥሪያ ቤት በአዋጁ መሠረት በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ ይወስናል። ይፈቅዳል፣ ቅድመ ሁኔታ አስቀምጦ ይፈቅዳል ወይም ይከለክላል።

ዳርቻው ላይ የወሰን ጣጣም አለ። ወዲህ አዲስ አበባ ነው፤ ወዲያ ደግሞ በ2015 ዓ.ም. የተመሠረተው የኦሮሚያው ሸገር ከተማ። ሁለቱም የየራሳቸው ገምጋሚ አላቸው። ተፅዕኖው ክልል የሚሻገር ከሆነ አዋጁ ጉዳዩን ለፌዴራሉ ባለሥልጣን ይሰጣል። ትልቁና ትንሹ አቃቂ ወንዞች ግን ወሰን ሳያግዳቸው የሁሉንም እጣቢ ይዘው አባ ሳሙኤል ግድብ ይገባሉ፣ ከዚያ አዋሽ።

አዋጁ ይህን አልዘነጋም። ተፅዕኖ ከሌሎች ተፅዕኖዎች ጋር ተደምሮ እንዲታይ ይላል። ችግሩ ቅጹ የሚሞላው ለአንድ ፕሮጀክት ብቻ መሆኑ ነው። አሥር የሰፈር መንገዶች በአሥር ቅጽ «መለስተኛ» ተብለው ሊያልፉ ይችላሉ፤ ውሃቸው ግን ታች አንድ ቱቦ ላይ ይገናኛል።