«ሰዉ አልተማረም» አትበሉኝ

በየዓመቱ የመመረቂያ ፕሮጀክት ሲቀርብ አንድ ነገር እሰማለሁ። ተማሪዎቹ የሠሩትን አፕ ያሳያሉ። «ለሰው ሰጥታችሁ አይታችኋል?» እላለሁ። «አዎ መምህር፣ ግን ሰዎቹ ብዙም አልተማሩም፤ ሊገባቸው አልቻለም» ይሉኛል። ይህን ስሰማ ደሜ ይፈላል። ዛሬ ስለዚህ ነው የምጽፈው።

ጅማ ውስጥ ሂውማን ኮምፒውተር ኢንተራክሽን የሚባለውን፣ ሰውና ኮምፒውተር እንዴት እንደሚግባቡ የሚያጠናውን ኮርስ ማስተማር ከጀመርኩ ዓመታት ተቆጥረዋል። ዩኤክስ (ዩዘር ኤክስፒሪየንስ) ዲዛይን፣ ማለትም አፕን ለሚጠቀመው ሰው እንዲመች አድርጎ መንደፍ፣ በብዙዎቹ ዩኒቨርሲቲዎቻችን የራሱ ዲፓርትመንት የለውም። ኮምፒውተር ሳይንስ ወይም ኢንፎርሜሽን ሲስተም የሚማር ልጅ በዚህ አንድ ኮርስ በኩል ነው የሚተዋወቀው። ስለዚህ ወሬው ከእውቀቱ ቀድሞ ይደርሰዋል። ከትንንሾቹ ወሬዎች ልጀምር።

«ስዕል የማይችል አይማረውም።» ሐሰት። ሳጥንና መስመር መሳል የሚችል ሁሉ ይማረዋል።

«ኮዲንግ ያቃተው የሚሸሽበት ነው።» ከዘርፉ ቀደምት ባለሙያዎች አንዱ የሆነው ዶናልድ ኖርማን እ.ኤ.አ. በ1993 አፕል ሲገባ ነው የሥራ መጠሪያው ላይ «ዩዘር ኤክስፒሪየንስ» የሚለውን ያስገባው። የመጀመሪያ ዲግሪው ምህንድስና ነው፣ ዶክትሬቱ ሥነ ልቦና። ከምንም የሸሸ ሰው አይደለም። ማሽኑንም ሰውንም ማወቅ ስላለበት ሁለቱንም ተማረ።

«ፊግማ ከቻልክ ጨረስክ።» ፊግማ የአፕ ገጽ የሚነደፍበት ሶፍትዌር ነው፤ እርሳስ በሉት። ጎበዝ ልጅ በሁለት ሳምንት ይለምደዋል። ሴሚስተሩን የሚፈጀው ምን እንደሚሳል ማወቁ ነው። እሱ ደግሞ ላፕቶፕ ላይ አይገኝም።

«ለሙከራ መቶ ሰው ያስፈልጋል፣ በጀት የለንም።» ጄከብ ኒልሰንና ቶማስ ላንዳወር የሚባሉ ተመራማሪዎች ይህን እ.ኤ.አ. በ1993 አስልተውታል። በአማካይ 5 ሰው ብቻ ካያችሁ ከአጠቃቀም ችግሮቹ 85 በመቶ ያህሉ ይወጣሉ። ሰዎቹ ግን አፑ የተሠራላቸው ዓይነት ሰዎች መሆን አለባቸው። የዶርም ጓደኞቻችሁን 5 ብላችሁ አትቁጠሩልኝ። 5 ሰው ማለት እኮ አንድ ጀበና ከብቦ የሚቀመጥ ሰው ነው። ምን በጀት ይጠይቃል?

አሁን ወደ ዋናው።

«ሰዉ አልተማረም፣ ለዚህ ነው ያልገባው።»

ከጥቂት ዓመታት በፊት አራት ተማሪዎች ለቡና ነጋዴዎች የሚሆን አፕ ሠሩ። ነጋዴው የገዛውን ቡና ይመዘግባል፣ አፑ ሂሳቡን ያወጣል። ንጹሕ ሥራ ነበር። ለአንድ የጀንፈል (ከነገለባው የደረቀ ቡና) ነጋዴ ሰጡት። ተመልሰው መጥተው «ሐጂ ስልክ መጠቀም አይችሉም፣ የተሳሳተ ቁጥር ነው የሚያስገቡት» አሉኝ።

«ኑ፣ አብረን እንሂድ» አልኳቸው።

ሐጂ መጋዘናቸው በር ላይ ተቀምጠዋል። ስልኩን ተቀበሉ። ያን ቀን 12 ፈረሱላ ጀንፈል ገዝተዋል። «መጠን» የሚለውን ነኩና 12 ብለው ጻፉ። አፑ 12 ኪሎ ብሎ መዘገበ። ከሳጥኑ ጎን በትንሽዬ ግራጫ ፊደል «ኪ.ግ» የሚል አለ። እኔም ራሴ ያየሁት ስልኩን ወደ ዓይኔ አስጠግቼ ነው። ድምሩ ሲመጣ ሐጂ ሳቁ። ከዚያ ቀና ብለው አዩንና «ልጆቼ፣ ፈረሱላው የት ነው የሚጻፈው?» አሉ።

አንዱ ተማሪ «ሐጂ፣ ወደ ኪሎ ቀይረው ነው የሚያስገቡት» አላቸው። አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው። ሐጂ ልጁ ስልኩ ላይ ማባዣውን እስኪከፍት አልጠበቁም። «204» አሉ። «እኔ ልቀይረው ከሆነማ የእናንተ ዕቃ ምን ይሠራልኛል?»

ይህ ሰውዬ ነው «አልተማረም» የተባለው። ዕድሜ ልካቸውን በፈረሱላ ሲገዙና ሲሸጡ ኖረዋል። ያልተማሩት ተማሪዎቹ ናቸው። ቡና በሚነገድበት ከተማ ተቀምጠው ቡና በምን እንደሚለካ ሳይጠይቁ አፕ ሠሩ። ያን ቀን ይህንኑ ነገርኳቸው። ዛሬም አልለወጥኩትም። ሳጥኑን ወደ ፈረሱላ ለመቀየር የፈጀባቸው አንድ ከሰዓት ነው።

ሌላ ልጨምር። አክስቴ 30 ዓመት ፊደል ያስቆጠሩ ጡረተኛ መምህርት ናቸው። አንድ መሥሪያ ቤት በስልካቸው መልእክት ላከ፤ «ቀጠሮዎ ነገ 8:00 ነው» ይላል። አክስቴ ምሳቸውን በልተው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው በ8 ሰዓት ደረሱ። ቀጠሮው ለካ ጠዋት 2 ሰዓት ነበር። ሠራተኛዋ «እማማ፣ መልእክቱን አላነበቡትም እንዴ?» አለቻቸው። አንብበውታል። እንዲያውም ሁለት ጊዜ። አማርኛ መልእክት ውስጥ የፈረንጅ ሰዓት የከተተው ሰው ነው ያጠፋው። የተወቀሱት ግን እሳቸው ናቸው። ቤት መጥተው «አርጅቻለሁ መሰለኝ» ሲሉ ሆዴን በላኝ። ክፉ ዲዛይን እንዲህ ነው። ጥፋቱን ራሱ ሠርቶ ሰውየውን ራሱን ያስጠረጥረዋል።

አፖች ላይ ያለው የቀን መምረጫም እንደዚያው ነው። 12 ወር ብቻ አለው። ጳጉሜን 3 የተደረገ ሽያጭ የት ይግባ? «ላስት ኔም» የሚለው ሳጥንስ? አንዱ የአባቱን፣ ሌላው የአያቱን ስም ይጽፋል። በማግስቱ አንድ ሰው ሁለት ፋይል ይኖረዋል።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም፣ አዲስም አይደለም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ ቢ 17 አውሮፕላን አብራሪዎች በሰላም ካረፉ በኋላ ጎማውን በስህተት ወደ ውስጥ ያጥፉት ነበር። አውሮፕላኑ በሆዱ ይወድቃል። ሪፖርቱ ሁሉ «የአብራሪ ስህተት» ይላል። አልፎንስ ቻፓኒስ የሚባል የሥነ ልቦና ባለሙያ ሄዶ መቆጣጠሪያ ክፍሉን አየ። የጎማውና የፍላፑ (ክንፉ ላይ የሚታጠፈው ክፍል) ማብሪያዎች ጎን ለጎን ናቸው፣ መልካቸውም አንድ ዓይነት ነው። ደክሞት፣ ጨልሞበት ላረፈ ሰው መለያ የላቸውም። ቻፓኒስ በአንዱ ላይ ትንሽ ጎማ፣ በሌላው ላይ የክንፍ ቅርጽ ያለው ነገር አደረገ። በጣት ሲነካ ይለያል። ስህተቱ ቀረ። አብራሪዎቹን ማንም እንደገና አላስተማራቸውም።

ስለዚህ ተማሪዎቼ፣ ለሙከራ ስትሄዱ እንዲህ አድርጉ። ስልኩን ስጡ። ሥራውን በሰውየው ቋንቋ ንገሩ፤ «ዛሬ የገዙትን መዝግቡልኝ» በሉ። «ሰብሚት የሚለውን ይጫኑ» አትበሉ። አፋን ኦሮሞ ለሚናገር ሰው በአፋን ኦሮሞ አሳዩት። ከእናንተ ማንም የማይችል ከሆነ የሚችል ጓደኛ ይዛችሁ ሂዱ። ከዚያ ዝም በሉ። ይህ ከሁሉም ይከብዳል። እጃችሁ ወደ ስልኩ ይሄዳል። ኪሳችሁ ውስጥ ክተቱት። ጣቱ የት ላይ እንደቆመ ጻፉ። ሲጫን ሳይሆን ከመጫኑ በፊት «አሁን ምን የሚመጣ ይመስልዎታል?» ብላችሁ ጠይቁ። እሱ የተጠቀመበትን ቃል ሳትቀይሩ ያዙ። «ምዝገባ» ብላችሁ «መያዝ» ካለ፣ አፑ ላይ የሚጻፈው «መያዝ» ነው።

አደራ፣ «ወደዱት?» ብላችሁ አትጠይቁ። ሰዋችን ይሉኝታ አለው። ልጆች ደክመው ሠርተው መጥተው ማን «አይሆንም» ይላቸዋል? «ጎበዞች፣ እግዜር ይባርካችሁ» ይሏችኋል። እናንተ እሱን ጽፋችሁ «ተጠቃሚዎች ረክተዋል» ብላችሁ ታቀርቡልኛላችሁ። ከአፉ ይልቅ ጣቱን እመኑ።

አንድ የመጨረሻ አለ። «ይህን ለመማር አዲስ አበባ መሄድ ግድ ነው።» 350 ኪሎ ሜትር ተጉዛችሁ የምትፈልጉት ተጠቃሚ እዚሁ ጅማ መርካቶ አለ። አጂፕ ጋ ባጃጅ ውስጥ ተቀምጦ ሂሳብ በቴሌብር ሲቀበል አለ። የጅማ ዩኒቨርሲቲ የሚታወቀው በማኅበረሰብ ተኮር ትምህርቱ ነው፤ ተማሪው ከክፍል ወጥቶ ሰዉ መሀል ገብቶ ይማራል። ዩኤክስ ማለት ግማሹ እሱ ነው። የጅማን በርጩማ እዩ። ከአንድ ግንድ ይፈለፈላል፣ ሦስት እግር አለው። አራት እግር ያለው ወንበር ወጣ ገባ በሆነ መሬት ላይ ይወላወላል፤ ሦስቱ እግር ግን ሁልጊዜ መሬት ይይዛል። የሠራው ሰው መጀመሪያ ያየው ወንበሩ የሚቀመጥበትን ወለል ነው።

ሐሙስ የገበያ ቀን ነው። ስልካችሁን ቻርጅ አድርጉ፣ ደብተር ያዙ። ነጋዴው ጠዋት ዕቃ እያወረደ ነው፣ አታስቸግሩት። ከ5 ሰዓት በኋላ ሂዱ። መጀመሪያ የሆነ ነገር ግዙ፣ ከዚያ ስልኩን አውጡ።