«ዳቦም እንፈልጋለን፣ ጽጌረዳም»፦ የአሜሪካ ሠራተኛ ሴቶች አባባል

«ለሁሉም ዳቦ፣ ጽጌረዳም ጭምር።» ይህ አባባል በአሜሪካ ሠራተኞች ዘንድ ከመቶ ዓመት በላይ ኖሯል። አጠር አድርገው «ዳቦና ጽጌረዳ» ይሉታል።

ዳቦው ግልጽ ነው። ጽጌረዳውን ግን እንደ ቅንጦት የሚያዩት ብዙ ናቸው። አባባሉን ወደ አደባባይ ያወጣችው የሴቶች መብት ታጋይ ሄለን ቶድ ግን ሁለቱንም ዘርዝራ ተናግራለች። ዳቦ ያለችው ቤትን፣ መጠለያንና ዋስትናን ነው። ጽጌረዳ ያለችው ደግሞ ሙዚቃን፣ ትምህርትን፣ ተፈጥሮንና መጻሕፍትን ነው። በአገሪቱ የሚወለድ ልጅ ሁሉ እነዚህን እንዲወርስ ነበር ምኞቷ። ከእጅ ወደ አፍ የሚኖር ሰው የሚጎድለው ይህ ነው። ሠርቶ ይበላል፣ በልቶ ይተኛል፣ ተነስቶ ይሠራል። ለሌላው ነገር ጊዜም ጉልበትም አይተርፈውም።

እኛ ዘንድ «ሰው በእንጀራ ብቻ አይኖርም» የሚለው የወንጌል ቃል አለ። ይቀራረባሉ፣ ግን አንድ አይደሉም። የወንጌሉ ቃል ወደ እግዚአብሔር ቃል ይመራል። የአሜሪካ ሴቶች አባባል እዚሁ ምድር ላይ ይቆማል። እንጀራውን ሳይለቅ ሌላውንም ይጠይቃል። «ጭምር» የምትለዋ ቃል ክብደቷ እዚህ ላይ ነው።

አባባሉ ከየት መጣ? በብዛት የሚነገረው ታሪክ በ1912 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ ሎውረንስ ከተማ ሥራ ያቆሙ ወጣት ሴቶች በሰልፍ ላይ በጨርቅ ጽፈው ያዙት የሚለው ነው። ደራሲው አፕተን ሲንክሌር በ1915 ባሳተመው የጽሑፎች ስብስብ ውስጥ እንዲህ ተብሎ ሰፈረ፣ ከዚያ ወዲህ እየተቀባበሉት ኖሩ። ቀኑ ግን አይገጥምም። ጄምስ ኦፐንሃይም በዚሁ አባባል ላይ የጻፈው ግጥም በአንድ መጽሔት የወጣው በዲሴምበር 1911 ነው። የሎውረንሱ አድማ ገና አልተጀመረም ነበር። ግጥሙ ላይ ደግሞ አባባሉ የአሜሪካ ምዕራብ ሴቶች መፈክር እንደሆነ ተጽፏል።

እውነተኛው ምንጭ ለእኔ ከሰልፉ ታሪክ ይበልጥብኛል። ሄለን ቶድ በኢሊኖይ ግዛት የፋብሪካ ተቆጣጣሪ ነበረች። ሴቶችና ልጆች እንዴት እንደሚሠሩ በዓይኗ ታይ ነበር። በ1910 ከሌሎች ሴቶች ጋር በመኪና እየዞረች ለሴቶች የመምረጥ መብት ትቀሰቅስ ጀመር። አንድ ምሽት በገበሬ ቤት አደረች። የቤቱ ሠራተኛ የሆነች ልጅ ስብሰባው ላይ ነበረችና ከንግግሮቹ የትኛውን እንደወደደችው ተጠየቀች። ሴቶች ከመረጡ ለሁሉም ሰው ዳቦም አበባም ይኖረዋል የተባለውን ነው የወደድኩት አለች። ቶድ ይህን በ1911 ጻፈችው። የንቅናቄው ነፍስ ያለው እዚህ ውስጥ ነው አለች።

ስለዚህ አባባሉ ሲወለድ የደመወዝ ጥያቄ ብቻ አልነበረም። የምርጫ ድምፅ ጥያቄም ነበር። የዚያን ዘመን ለውጥ ፈላጊዎች የፋብሪካውን ችግር በሕግ መፍታት ይፈልጉ ነበር። ሕግ የሚያወጣውን ሰው መምረጥ የማትችል ሠራተኛ ግን ማንን ትጠይቅ?

ይህን በደንብ የተናገረችው ሮዝ ሽናይደርማን ናት። በልጅነቷ ከፖላንድ የተሰደደች፣ ቆብ ስትሰፋ ያደገች የሠራተኞች ማኅበር መሪ ናት። በማርች 1911 በኒው ዮርክ ትራያንግል የተባለው የልብስ ፋብሪካ ተቃጥሎ 146 ሰው ሞተ። አብዛኞቹ ስደተኛ ወጣት ሴቶች ነበሩ። አንዱ መውጫ በር ተቆልፎ ነበር። በማግስቱ ዓመት ሽናይደርማን ኦሃዮ ግዛት ሄዳ፣ ሠራተኛዋ ዳቦ ያስፈልጋታል፣ ጽጌረዳም ያስፈልጋታል ብላ ተናገረች። በሕይወት መሰንበት ብቻ ሳይሆን መኖርም መብቷ ነው አለች። ባለጸጋ ሴቶችንም፣ የምትታገልበትን የምርጫ ካርድ እንድታገኝ እርዷት ስትል ተማጸነቻቸው። በዚያ ዓመት የኦሃዮ ወንዶች የሴቶችን የመምረጥ ጥያቄ በድምፃቸው ጣሉት። በመላ አገሪቱ ሴቶች ለመምረጥ መብታቸው በሕገ መንግሥት ዋስትና ያገኙት በ1920 ነው።

ሎውረንስስ? አባባሉ እዚያ ባይወለድም፣ ትርጉሙ እንደዚያ ከተማ ጥርት ብሎ የታየበት ቦታ አላውቅም። ሎውረንስ በማሳቹሴትስ ግዛት ያለች የጨርቃ ጨርቅ ከተማ ናት። ሠራተኞቿ ከጣሊያን፣ ከፖላንድ፣ ከሊትዌንያ፣ ከሶርያና ከሌሎችም አገሮች የመጡ ስደተኞች ነበሩ። በ1912 መጀመሪያ አዲስ ሕግ የሴቶችንና የልጆችን ሥራ በሳምንት ከ56 ሰዓት ወደ 54 አወረደ። ለሠራተኛው የታሰበ ሕግ ነው። ባለፋብሪካዎቹ ግን የሁለቱን ሰዓት ክፍያ ቆረጡ። ወደ 32 ሳንቲም ይሆናል። አማካይ ደመወዝ በሳምንት 9 ዶላር በማይሞላበት ቤት ይህ ከልጆች አፍ የሚነጠቅ ዳቦ ነው። ሕጉ የሁለት ሰዓት ዕረፍት ሰጠ፣ ዋጋውን ግን ከሠራተኛው ማዕድ ወሰዱት። ጽጌረዳውን በዳቦ ግዙት እንደማለት ነው። አባባሉ አይሆንም የሚለው ይህን ነው።

ጃንዋሪ 11 የፖላንድ ሴቶች ደመወዛቸው መጉደሉን ሲያዩ ማሽናቸውን አቁመው ወጡ። በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ20,000 በላይ ሠራተኛ ተከተላቸው። ብርዱ ከባድ፣ ቋንቋቸው የተለያየ ነበር፤ ግን አልተበተኑም። ልጆቻቸው እንዳይራቡ ኒው ዮርክ ወዳሉ ደጋፊ ቤተሰቦች ላኳቸው። ፌብሩዋሪ 24 ሌሎች ልጆች ሊሳፈሩ ሲሉ ፖሊስ ባቡር ጣቢያው ላይ እናቶችንና ልጆችን ደበደበ። አገር ተቆጣ። ኮንግረስ ምስክሮችን ጠራ። አንዲት የ14 ዓመት ልጅ ማሽን የራስ ቆዳዋን ከነፀጉሯ እንደገነጠለውና ሰባት ወር ሆስፒታል እንደተኛች ተናገረች። አባቷ ዕድሜዋ ለሥራ እንደደረሰ የሚል ወረቀት በ4 ዶላር ገዝቶ ነበር ያስገባት። የፕሬዝዳንት ታፍት ባለቤት እዚያ ተቀምጠው ያዳምጡ ነበር። በማርች አጋማሽ ሠራተኞቹ ጭማሪ አገኙ፤ ትንሽ ይከፈላቸው የነበሩት የበለጠ ተጨመረላቸው። በዚያው ዓመት ማሳቹሴትስ ለሴቶችና ለልጆች በአገሪቱ የመጀመሪያውን የዝቅተኛ ደመወዝ ሕግ አወጣች። ሕጉ ቀጣሪን አያስገድድም ነበር። አስገዳጁ የፌዴራል ሕግ በ1938 መጣ፤ በሰዓት 25 ሳንቲም ወለል አድርጎ፣ የልጆችንም የፋብሪካ ሥራ ከልክሎ።

አባባሉ አሁንም ይሠራል። በ1995 በካናዳ የኩቤክ ሴቶች «ዳቦና ጽጌረዳ» ብለው ድህነትን በመቃወም ለአሥር ቀን በእግር ተጉዘዋል፤ ከጥያቄያቸው አንዱ የዝቅተኛ ደመወዝ ጭማሪ ነበር። በዕለት ንግግር ደግሞ ደመወዝ ጨምሮ የዕረፍት ቀን ለሚነሳ፣ ወይም ዕረፍት ሰጥቶ ከደመወዝ ለሚቆርጥ ቀጣሪ መልስ ሊሆን ይችላል።