ጋዝ ስኳር አይደለም፦ ስለ ጋዝ መሟሟትና ሙቀት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ነገር ሁሉ በሞቀ ውሃ ይበልጥ ይሟሟል።» ለስኳር ልክ ነው፤ ለጋዝ ግን ተቃራኒው ነው። አብዛኛው ጋዝ ውሃ ውስጥ ሲገባ በውሃው ሞለኪውሎች ይያዝና ሙቀት ይለቃል፤ ውሃው ሲሞቅ ያንኑ ሙቀት መልሶ ይወስድና ይወጣል። በባሕር ጠለል ከፍታ አንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ከአየር የሚይዘው ኦክስጅን በ0 ዲግሪ 14.6 ሚሊግራም ሲሆን በ25 ዲግሪ 8.3 ብቻ ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች የአየሩ ግፊት ራሱ ያንሳል፤ በዚያው 25 ዲግሪ 6.7 ገደማ ይቀራል። ስለዚህ ቆሮሶ የተባለውን ዓሣ በሕይወቱ የሚያጓጉዝ ሰው ማለዳ ይጫን፣ በርሜሉን በእርጥብ ጆንያ ይሸፍን፣ አየር በፓምፕ ይንፋበት። በረዶ በአንዴ መጨመር ግን ዓሣውን ይጎዳዋል። አብሮ የተጫነ አምባዛ የተባለው ዓሣ አለመሞቱ ውሃው ደህና ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም፤ እሱ ብቅ እያለ ከላይ ያለውን አየርም ይተነፍሳል።

«እንግዲያው ጣና ኦክስጅን የሚያጥረው በቀትር ነው።» ሙቀት ብቻውን አይወስንም። አልጌ (ውሃ ውስጥ የሚበቅል አረንጓዴ ሽበት መሰል ነገር) ቀን ኦክስጅን ይሠራል፣ ሌሊት ይጠቀማል፤ ስለዚህ ዝቅተኛው መጠን አብዛኛውን ጊዜ ሊነጋ ሲል ነው። እምቦጭ የሸፈነው ዳርቻ ብርሃንም አየርም ስለሚታገድበት በቀንም ብዙ አያገግምም።

«ድስቱ አረፋ ካወጣ ፈልቷል።» ገና በ50 ዲግሪ አካባቢ ከድስቱ ጎን የሚጣበቁት ጥቃቅን አረፋዎች ሟሙቶ የነበረ አየር ናቸው። ባሕር ዳር ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ ነው። ለመጠጥ ከሆነ ከታች እስከ ላይ ሲንተከተክ ጠብቁ፣ ከዚያ 1 ደቂቃ ጨምሩ።

«ለስላሳ የሚቀዘቅዘው በጋዙ ነው።» የሚያቀዘቅዘው ፍሪጁ ነው። የለስላሳው ጋዝ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ 6 ግራሙ በአንድ ሊትር ውሃ ሲሟሟ 2.7 ኪሎ ጁል ገደማ ይለቃል፤ ይህ ውሃውን ከ1 ዲግሪ በታች ያሞቀዋል። ማንም ስለማያስተውለው ነው ስህተቱ የዘለቀው።

በላቦራቶሪ ግን ጉዳዩ ይከብዳል። 36.5 ግራም ሃይድሮጅን ክሎራይድ በአንድ ሊትር ቢሟሟ ውሃው 17 ዲግሪ ገደማ ይሞቃል፤ 17 ግራም አሞኒያ ደግሞ 7 ዲግሪ ገደማ ያሞቀዋል። ሁለቱም በጣም ፈጥነው ስለሚሟሙ የጋዙን ቱቦ በቀጥታ ውሃ ውስጥ መንከር አደጋ አለው፦ በቱቦው ውስጥ ግፊቱ ይወርድና ውሃው ወደ ኋላ ተስቦ ጋዙ ወደሚመረትበት የጋለ ብልቃጥ ይገባል፣ ብልቃጡም ሊሰነጠቅ ይችላል። በቱቦው ጫፍ ፈነል ደፍታችሁ ከንፈሩ ውሃውን ለጥቂት ብቻ እንዲነካ አድርጉ። ውሃው መሳብ ሲጀምር በዕቃው ውስጥ ያለው ውሃ ዝቅ ይላል፣ ከንፈሩ ይጋለጣል፣ አየር ይገባል፣ የተሳበውም ተመልሶ ይወርዳል።