ኤሲው አልቀዘቀዘም? «ጋዝ ይሞላ» ከማለታችሁ በፊት

ግንቦት ላይ ከሚሴ፣ ባቲ ወይም ቆቦ ቢሮ ተቀምጦ የሚሠራ ሰው ኤሲ ቅንጦት እንዳልሆነ ያውቃል። ማሽኑ ሲያስቸግር ግን መካሪው ይበዛል። ከምክሩም ብዙው ገንዘብ ያስወጣል እንጂ ችግሩን አይፈታም።

«ካልቀዘቀዘ ጋዙ አልቋል»

ከሁሉም በላይ ኪስ የሚያራቁተው ይህ ነው። የኤሲ ጋዝ እንደ መኪና ነዳጅ ተቃጥሎ አያልቅም። በተዘጋ ቱቦ ውስጥ እየተመላለሰ የቤቱን ሙቀት ወደ ውጭ ያወጣል። በደንብ ከተገጠመ ያው ጋዝ ለዓመታት ይሠራል። ጎደለ ከተባለ የሆነ ቦታ ያፈሳል ማለት ነው። ስለዚህ ባለሙያው «ጋዝ ልሙላ» ሲላችሁ «የሚያፈሰው የት ጋ ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። ብዙ ጊዜ የመዳብ ቱቦዎቹ የሚታሰሩበት ዳዶ ጋ ነው። ጠጋ ብላችሁ እዩት። ዙሪያውን ዘይት የጠጣ አቧራ ከተለጠፈበት ጠርጥሩ። የሳሙና አረፋ ሲቀባ ደግሞ ቦታው ይንፈቀፈቃል። ይህ ሳይዘጋ የተሞላ ጋዝ ተመልሶ ይወጣል፤ እናንተም ድጋሚ ትከፍላላችሁ። ሲሞላም ተመዝኖ ይሁን። የጋዙ ዓይነትና ልኩ በውጭው ማሽን ጎን ተጽፏል፤ አር-32 የሚለው ላይ ሌላ ጋዝ አይጨመርም።

ከዚያ ሁሉ በፊት ግን ፊልተሩን አውጡት። ማሽኑን አጥፉ፣ የፊት ክዳኑን ወደ ላይ ክፈቱ፣ ወንፊቱን በእጅ ሳቡት። አቧራ በሚበዛበት ሰሞን ወደ መስኮት ብትይዙት ብርሃን እንኳ አያሳልፍም። በለብታ ውሃ እጠቡት፣ ጥላ ላይ አድርቁት፣ መልሱት። አቧራ ባለበት ከተማ በየሁለት ሳምንቱ ቢታጠብ አይበዛበትም። የውጭው ማሽን ፊት ካርቶን የደረደራችሁ ነጋዴዎችም እባካችሁ አንሱት፤ ሙቀቱ መውጫ ይፈልጋል።

«ቱቦው በረዶ ከሠራ ኃይለኛ ነው»

የለም፣ ታሟል። ወይ አየር አይገባውም፣ ወይ ጋዙ ጎድሏል። ማቀዝቀዣውን አቁማችሁ ፋኑን ብቻ ክፈቱት፤ በረዶው ራሱ ይቀልጣል። በቢላ የፈቀፈቀ ሰው ቱቦውን ሊበሳው ይችላል።

«ውሃ ካንጠባጠበ ጋዝ እየፈሰሰ ነው»

ጋዙ ውሃ ሆኖ አይወጣም። የሚንጠባጠበው ከአየሩ የወጣ እርጥበት ነው። ወደ ውጭ ከወረደ ጤና ነው። በግድግዳው ወደ ውስጥ ከወረደ የውሃ መውረጃው ተደፍኗል፣ ወይም ማሽኑ ተንጋዶ ተገጥሟል።

«16 ላይ ካደረግነው ቶሎ ይቀዘቅዛል»

ኢንቨርተር (ጉልበቱን እንደ ሙቀቱ የሚጨምርና የሚቀንስ) ያልሆነ ኤሲ 16 ላይም 25 ላይም በአንድ ጉልበት ነው የሚሠራው። ቁጥሩ የት ላይ እንደሚያርፍ ብቻ ይነግረዋል። ከ24 እስከ 26 ይበቃል፤ ቆጣሪውም ይተነፍሳል።

«መብራት መጥቶ ካልተነሳ ተቃጥሏል»

አብሽሩ፣ ብዙ ጊዜ አልተቃጠለም። ኮምፕረሰሩ (ጋዙን የሚገፋው ሞተር) እንደጠፋ ቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት እስኪረጋጋ ጊዜ ይፈልጋል። ብዙ ማሽኖች 3 ደቂቃ ያህል ራሳቸውን የሚያዘገዩት ለዚህ ነው። መብራት ሲሄድ ብሬከሩን አውርዱ፣ ሲመጣ 5 ደቂቃ ታግሳችሁ መልሱት። ኮምፕረሰሩን የሚገድለው መብራቱ እየመጣ እየሄደ ሲጫወት ነው። ኃይሉ ደክሞ አምፖሉ ከደበዘዘም አታስነሱት። የፍሪጅ ስታቢላይዘር ደግሞ ኤሲ አይሸከምም፤ በኤሲው አቅም ልክ ግዙ።

«ኤሲ ለደሴ ምን ያደርጋል?»

ብዙዎቹ ያሞቃሉም። ሪሞቱ ላይ የፀሐይ ምልክት ካለ የእናንተም ያሞቃል። በብርድ ሲያሞቅ የውጭው ማሽን ቆም ብሎ እንፋሎት ቢያወጣ አትደንግጡ፤ የያዘውን አመዳይ እያቀለጠ ነው። ቆላ ያላችሁ ደግሞ ባለሙያ ከመጥራታችሁ በፊት ሪሞቱ ፀሐይ ወይም ፋን ላይ እንዳልቀረ እዩ፤ የሚያቀዘቅዘው የበረዶ ምልክቱ ላይ ሲሆን ነው።

ብሬከሩ ደጋግሞ ከወደቀ ወይም የተቃጠለ ፕላስቲክ ከሸተታችሁ ግን ራሳችሁ አትሞክሩት። ብሬከሩን ሳትመልሱ ባለሙያ ጥሩ።