የመጎተት አቅም ምንድን ነው? ለወሎ መንገድ ያገለገለ መኪና ለሚመርጥ ሰው

የመጎተት አቅም ማለት አንድ መኪና ከኋላው አስሮ በደኅና ሊወስደው የሚችለው የተሳቢ ክብደት የመጨረሻ ልክ ሲሆን፣ ልኩን የሚወስነውም የመኪናው አምራች ነው። በደሴና በኮምቦልቻ ያገለገለ ፒክአፕ ወይም ላንድክሩዘር የሚሸጥ ሰው ስለዚህ አቅም ሲጠየቅ አብዛኛውን ጊዜ የሚናገረው ስለ ሞተሩ ጉልበት ነው። ጉልበት ግን የጉዳዩ አንድ ክፍል ብቻ ነው። አምራቹ ቁጥሩን ሲያወጣ መኪናው ተሳቢውን ዳገት ላይ አስነሥቶ መውጣት መቻሉን፣ ሞተሩና ካምቢዮው ሳይግሉ መዝለቃቸውን፣ ሻንሲው ጫናውን መሸከሙን፣ ፍሬኑም ሁለቱን አንድ ላይ መያዙን ይመለከታል። በሊብሬ ላይ የሚጻፈው የመጫን ልክም ከዚህ የተለየ ነገር ስለሆነ አንዱን በሌላው መተካት አይገባም።

ቁጥሩ ብዙውን ጊዜ ሁለት ነው፤ አንዱ የራሱ ፍሬን ላለው ተሳቢ፣ ሌላው ለሌለው። ለምሳሌ ላንድክሩዘር 79 በአውስትራሊያ ገበያ ፍሬን ላለው ተሳቢ 3,500 ኪሎ፣ ለሌለው 750 ኪሎ ተፈቅዶለታል። ይህን ያህል ሰፊ ልዩነት የሚያመጣው የማቆም ጉዳይ ነው፤ ሞተሩማ በሁለቱም ጊዜ ያው ነው። በተጨማሪም ስሙ አንድ የሆነ መኪና በሞተሩ፣ በካምቢዮውና ባለ ሁለት ወይም ባለ አራት ጎማ ነጂ በመሆኑ የተለያየ ልክ ስለሚኖረው፣ ገዢው ማረጋገጥ ያለበት የሚገዛውን መኪና የራሱን ልክ እንጂ የስሙን ዝና አይደለም።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣውና እጅግ የሚዘነጋው የመኪናውና የተሳቢው ጠቅላላ ክብደት ወሰን ነው። አንድ ፒክአፕ 2,500 ኪሎ እንዲጎትት ተፈቅዶለታል፣ ሰውና ዕቃ ሞልቶ ራሱ 2,900 ኪሎ ይመዝናል፣ ከተሳቢው ጋር ተደምሮ ደግሞ ከ5,000 ኪሎ ማለፍ የለበትም እንበል። ይህ መኪና ሙሉ ጭነት ይዞ ሲጓዝ ለተሳቢው የሚተርፈው 2,100 ኪሎ ብቻ ነው።

ይህ ሁሉ ስሌት የተሠራው ለዝቅተኛ ቦታ መሆኑን ማስተዋል ደግሞ ለእኛ አገር ሰው ግዴታ ነው። በአሜሪካ አምራቾች የሚጠቀሙበት ኤስኤኢ ጄ2807 የተባለው መለኪያ፣ መኪናው በአሪዞና የሚገኘውን 18 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም የዴቪስ ዳም ዳገት በሙቀት እየተጓዘ እንዲወጣ ይጠይቃል። ከባድ ፈተና ነው፤ ሆኖም የዳገቱ አናት 1,100 ሜትር ገደማ ሲሆን፣ እኛ ቆላ ብለን የምንወርድባት ኮምቦልቻ ራሷ ከ1,800 ሜትር በላይ፣ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ትገኛለች። አየሩ በሳሳ መጠን ሞተር ጉልበት ያጣል፤ ቱርቦ፣ ማለትም አየርን አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ ክፍል፣ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ስለሚቀንስ ደሴ ሲደርስ ሩቡን ያህል ጉልበቱን አጥቷል። ቱርቦ ያለው ጉዳቱ ያነሰ ነው፤ ለወሎ የምመርጠውም እርሱን ነው። አንዳንድ የአውሮፓ አምራቾች ከ1,000 ሜትር በላይ ለሚጨመረው ለእያንዳንዱ 1,000 ሜትር፣ ሙሉው ባይሆንም እንኳ፣ ጠቅላላው ክብደት በ10 በመቶ እንዲቀነስ ያዝዛሉ። ይህን ደንብ ከላይ ባነሣነው ፒክአፕ ላይ ብናውለው፣ 5,000 የነበረው ወሰን ደሴ ላይ ወደ 4,000 ይወርድና ለተሳቢው 1,100 ኪሎ ብቻ ይቀራል። ሻጩ 2,500 ያለው መኪና ማለት ነው።

ዳገቱ ሞተሩን ቢያደክምም፣ እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ቁልቁለቱ ነው። ከደሴ በሐረጎ ወደ ኮምቦልቻ ሲወረድ ከፍታው 600 ሜትር ያህል ይቀንሳል። በዚህ መውረድ የሚለቀቀው ኃይል ያንኑ መኪና በሰዓት ከ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት 40 ጊዜ ያህል ለማቆም ከሚያስፈልገው ጋር እኩል ነው፤ የተወሰነውን አየሩና ጎማው ቢወስዱትም፣ የቀረውን ወይ ሞተሩ በከባድ ማርሽ፣ ማለትም በአንደኛ ወይም በሁለተኛ፣ መያዝ አለበት፣ ወይ ፍሬኑ ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። ፍሬኑ ሲግል ዘይቱ ይፈላል፤ ዘይቱ ሲፈላ ፔዳሉ ባዶ ይሆናል። ዶት 3 የተባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሳለ ከ205 ዲግሪ በፊት እንዳይፈላ ሆኖ የተሠራ ሲሆን፣ ከአየር እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን ይህ መጠን እስከ 140 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ ያገለገለ መኪና የገዛ ሰው ተሳቢ ከማሰሩ በፊት ይህን ዘይት ሙሉ በሙሉ ቢያስለውጥ ብዙ ሕይወት ያተርፋል። ከወልድያ ወደ ድልብ ወይም ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ የሚመላለስማ ለነገ ሊለው አይገባም።

ተሳቢው በመንጠቆው ላይ ወደ ታች የሚያሳርፈው ክብደት ከራሱ ክብደት 10 በመቶ ያህል ሊሆን ይገባል፤ ይህም ከመኪናው ጭነት ጋር ይቆጠራል። ሲያንስ ተሳቢው ይወዛወዛል፤ ሲበዛ የፊት ጎማዎቹ ይቀልሉና መሪው አልታዘዝ ይላል።

በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለበት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ገዢው የሚያማርጠው በአብዛኛው እዚሁ አገር ዳገት ሲወጡ የኖሩትን ነው። አምራቹ ያወጣው ልክ ደግሞ ለአዲስ መኪና ነው። ሻንሲው ከኋላ መንጠቆው በሚታሰርበት ቦታ ተበይዶ ወይም ተሰንጥቆ ከተገኘ፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ለመጎተት አይሆንም። የተጨመረ ባሌስትራም አያታልል፤ የኋላውን ቁመት ከፍ ያደርጋል እንጂ የተፈቀደውን ክብደት አይጨምርም። አውቶማቲክ ካምቢዮ ከሆነ ዘይቱ መጥቆርና የተቃጠለ ነገር መሽተት የለበትም፤ ማንዋል ከሆነ ፍሪሲዮኑ ዳገት ላይ በከፍተኛ ማርሽ ነዳጅ ሲሰጠው የሞተሩ ድምፅ ብቻውን እየጨመረ ፍጥነቱ ባለበት ከቆመ አልቋል ማለት ነው።

ክፍያው ከመፈጸሙ በፊት መኪናውን ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሸክም አስይዞ ማስወጣት፣ የሙቀት መለኪያውን መከታተል፣ ከዚያም በከባድ ማርሽ ማውረድና ታች ሲደርሱ የአራቱን ጎማ ሙቀት እጅን ሳያስነኩ በቅርበት ማነጻጸር ይጠቅማል፤ አንዱ ከሌሎቹ ለይቶ ከጋለ ፍሬኑ ስለተያዘ፣ ሻጩ ያንን በራሱ ወጪ ሳያስጠግን ውል መፈራረም አይገባም።